እጩውን ያጨው ማን ነው?

የተከበራችሁ የይጁቤ ከተማና የባሶ ሊበን ወረዳ ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣

ስለ ምርጫ ሲነሳ ወሬያችን ሁሉ የድምፅ መስጫው ቀን ላይ ያርፋል። ሰልፉ ረዘመ፣ ኮሮጆው ተሰረቀ፣ ታዛቢው ተባረረ፣ ቆጠራው ተጭበረበረ፣ አልተጭበረበረም። ይህ ሁሉ መነገር ያለበት ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ ቀን በፊት ወዳሉት ሳምንታት ልወስዳችሁ ነው የመጣሁት። ምክንያቱም የድምፅ መስጫው ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ስሞቹ ታትመው አልቀዋል። እነዚያ ስሞች ከመታተማቸው በፊት የሆኑ ሰዎች፣ በሆነ ቢሮ፣ በር ዘግተው «እገሌ ይወዳደር፣ እገሌ ለዚህኛው ይቅር» ተባብለዋል። ከመካከላችሁ እዚያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ካለ እጁን ያንሳ ብል ስንት እጅ እንደማይ እገምታለሁ።

እዚያ ቢሮ ውስጥ ከሁሉ ጎልታ የምትነሳው ጥያቄ «ያሸንፍልናል ወይ?» የምትለው ናት። ጥያቄዋ ነውር የለባትም። ለመሸነፍ የሚወዳደር ፓርቲ የማንንም ጉዳይ አያስፈጽምም። ነውሩ ያለው መልሱን የሚሰጠው ሰው ላይ ነው። መልሱን የሚያውቀው መራጩ ሆኖ ሳለ የሚመልሰው ኮሚቴው ነው።

እስቲ ከሕጉ እንነሳ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ሰው ነው። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ተፎካካሪ መብለጥ ብቻ በቂ ነው። በምሳሌ ላሳያችሁ። በአንድ የምርጫ ክልል 40,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው እጩ 16,000 አገኘ፤ ሁለተኛው 13,000፤ ሦስተኛው 11,000። አዲስ አበባ የሚሄደው ባለ 16,000ው ነው። እሱን ያልመረጠው 24,000 ሕዝብ ቤቱ ቁጭ ብሎ አምስት ዓመት ይቆጥራል። በእርግጥ የሦስተኛው ደጋፊ ሁሉ እጩው ባይኖር ለሁለተኛው ይሰጥ ነበር ማለት አይደለም፤ ገሚሱ ለአንደኛው ይሰጥ፣ ገሚሱ ከቤቱ አይወጣ ይሆናል። ግን ከ11,000ው ውስጥ 3,000 እና ጥቂት ሰው ብቻ በተጨማሪ ወደ ሁለተኛው ቢያዘነብል ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። በዚህ ሕግ ስንት ሰው እንደሚወዳደርና ማን እንደሚወዳደር ከተወሰነ በኋላ ድምፅ መስጠት ማለት ግማሹ ባለቀ ሥራ ላይ መድረስ ነው።

ተቃዋሚ ፓርቲዎቻችን በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ከዚያ ከአዳራሹ ይወጡና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እጩ ያስመዘግባሉ።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበል። ልጆቻችሁ ያሉበት አገር ስለሆነ ብዙም አይርቃችሁም። ቨርጂኒያ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ከዋሽንግተን ጋር ይዋሰናል፤ በአሜሪካ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የግዛቱ አስተዳዳሪ ምርጫ ነበር። ሪፐብሊካን ፓርቲ ከ2009 ወዲህ በግዛት ደረጃ አንድም ምርጫ አላሸነፈም ነበርና ጭንቀቱ «ማንን ብናቀርብ ያሸንፋል?» የሚል ነበር። ለእጩነት ሰባት ሰዎች ቀረቡ። አንዷ አማንዳ ቼዝ ነበረች፤ የግዛቱ ሴናተር ነበረች፣ ደጋፊዎቿም ጥቂት ግን ጽኑ ነበሩ። ተራ ምርጫ ቢደረግ ሌሎቹ ስድስቱ ድምፅ ይሻሙና እሷ በሠላሳ ከመቶ ታልፋለች፤ ከዚያ በዋናው ምርጫ ይዛን ትወድቃለች ብለው የፈሩ የፓርቲው ሰዎች ነበሩ።

ምን አደረጉ? አባላት ተመዝግበው በግዛቱ ውስጥ በተዘጋጁ 39 ጣቢያዎች ድምፅ እንዲሰጡ ወሰኑ። ድምፁም አንድ ስም መርጦ መሄድ አልነበረም። መራጩ ወረቀቱ ላይ አንደኛ ምርጫዬ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ፣ ሦስተኛ እገሌ እያለ በቅደም ተከተል ይሞላል። ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻውን ያገኘው ይሰናበታል፤ እሱን አንደኛ ያሉት ሰዎች ወረቀት ሁለተኛ ላሉት ሰው ይተላለፋል። እንዲህ እየተባለ በስድስተኛው ዙር ግሌን ያንግኪን የሚባል፣ ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ባለሀብት ተመረጠ። በኅዳር ወር ዋናው ምርጫ ላይ ዲሞክራቱን የቀድሞ አስተዳዳሪ ቴሪ ማኮሊፍን በሁለት ከመቶ ገደማ ብልጫ አሸነፈ።

በዚያ ዓመት የዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት በያዘው አቋም የተቆጡ ብዙ የቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ድምፃቸውን ለያንግኪን እንደሰጡ የሚታወቅ ነው። አንዳንዶቹ «እኛ ነን ያስመረጥነው» ብለው ፎክረዋል። ልዩነቱ 60,000 ድምፅ አልፎ ሳለ ይህን ማለት ፉከራ ይበዛበታል። እኔን የገረመኝ ግን ፉከራው አይደለም። ወገኖቻችን እዚያ አገር በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ የመጠየቅ ዕድል ነበራቸው፤ የፓርቲው አባል ሆነው እጩ ሲመርጡ፣ ሁለተኛ ምርጫህስ ማን ነው ሲባሉ፣ በመጨረሻም በዋናው ቀን። እዚህ ያለነው አንድ ጊዜ ብቻ እንጠየቃለን። እሱንም ሁልጊዜ አይደለም።

አሜሪካኖቹ ግን ሁሉ ነገር ተስተካክሎላቸዋል እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደላዌር በምትባል ትንሽ ግዛት ለሴኔት ምርጫ ማይክ ካስል የሚባል ሪፐብሊካን ቀርቦ ነበር። የግዛቱ አስተዳዳሪ የነበረ፣ ለረጅም ዘመን በምክር ቤት የተቀመጠ፣ ዲሞክራቶችም የሚመርጡት ሰው ነው። ወንበሩ የእሱ ነው ተብሎ አልቆ ነበር። በፓርቲው የቅድመ ምርጫ ቀን ግን ክሪስቲን ኦዶኔል የምትባል፣ «እውነተኛዋ ወግ አጥባቂ እኔ ነኝ» ያለች እጩ ረታችው። በዚያ ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሰጠው 57,000 ገደማ ሰው ነው። በኅዳር ዋናው ምርጫ የወጣው ከ300,000 በላይ። ዲሞክራቱ ክሪስ ኩንስ 57 ለ40 በሚጠጋ ውጤት አሸነፋት። ልብ በሉ፤ ከአምስት መራጭ አንዱ እንኳን ባልተሳተፈበት ምርጫ የተመረጠች እጩ በአምስቱም ፊት ቀረበች። ጥቂቶች የሚወዱት ሰውና ብዙኃኑ የሚቀበለው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። ይህ በደላዌር ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ነገሩ ግን በተቃራኒውም ያሳስታል። ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1980 «አርጅቷል፣ አክራሪ ነው፣ አያሸንፍም» ይባል ነበር፤ ከ50ው ግዛቶች 44ቱን አሸነፈ። ሚት ሮምኒን እ.ኤ.አ. በ2012 «የሚያሸንፈው እሱ ነው» ብለው ሾሙት፤ በኦባማ ተሸነፈ። «ያሸንፋል» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ሊቃውንት ነን የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ምርጫ የሚሸፍኑበት ጋቢ ነው። ስለዚህ አንድ የፓርቲ ሰው መጥቶ «እገሌን ያቀረብነው ስለሚያሸንፍ ነው» ቢላችሁ ከማመናችሁ በፊት ማስረጃውን ጠይቁት።

ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ አገር ሕዝብ እንደራሴውን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 መጀመሪያ ነው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ለመወዳደር ግን በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ማንን ይምረጥ የሚለው ገና ከደጁ ሳይደርስ፣ ማን ሊመረጥ ይችላል የሚለው በመሬትና በሀብት ተወስኖ ነበር። ውጤቱን ጎጃም በራሱ ላይ አየው። በኅዳር 1960 ምክር ቤቱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን አጸደቀ። አዋጁ የተላለፈው ከየጠቅላይ ግዛቱ የሄዱ እንደራሴዎች ባሉበት ምክር ቤት ነው። ጎጃም ግን «ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ተነሳ። ግብር ገማቹን ከለከለ፣ ጫካ ገባ። መንግሥት ዞሮ ዞሮ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሳ፣ ያልተከፈለውንም ማረ። ያ አመፅ ስለ ግብሩ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ስለ ርስትም ነው፤ ስለ አስተዳዳሪዎች በደልም ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኛል። የዚህ አገር ገበሬ ቅሬታውን ይዞ ወደ እንደራሴዎቹ ሳይሆን ወደ ጠመንጃው ሄደ። እንደራሴውን የኔ ነው ብሎ አልቆጠረውም።

ከ1987 ወዲህ ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። ፓርቲ አለ፣ እጩ አለ፣ ምልክት አለ። 1997ን ታስታውሳላችሁ፤ እናንተ ልጆችም ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። ገዥው ኢሕአዴግ በንብ፣ ተቃዋሚው ቅንጅት በሁለት ጣት ምልክት ቀረቡ። ቅንጅት መኢአድን፣ ኢዴፓ መድኅንን፣ ኢዴሊንና ቀስተ ደመናን አንድ ላይ ያመጣ ስለነበር ተቃዋሚው ድምፁ ብዙም ሳይበታተን ሕዝቡ ፊት ቀረበ። ያደረገውም ታየ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ወሰደ፤ ለከተማው ምክር ቤትም ከ138 ወንበር 137ቱን። በይፋዊው ውጤት በአገር ደረጃ 109 ወንበር አገኘ። በቀደሙት ምርጫዎች ተቃዋሚ ሊያገኘው ቀርቶ ሊያልመው የማይችለው ነበር።

ነገር ግን ከዚያ ምርጫ ብዙም የማይነሳ ትምህርት አለ። ሕዝቡ የመረጠው ጣቱን ነው። ብዙ ቦታ የእጩውን ስም የማያውቅ ሰው እጩውን መረጠ። ማዕበል ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ማንም ቢቀርብ ያሸንፋል። ችግሩ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው ክርክር ሲነሳ ቅንጅት ተሰነጠቀ፤ ገሚሱ ገባ፣ ገሚሱ አልገባም፣ መሪዎቹ ታሰሩ። መራጩ በዚያን ጊዜ «እኔ የመረጥኩህ እንዲህ እንድታደርግ ነው» ብሎ የሚይዘው ሰው አልነበረውም፤ የመረጠው ምልክት ነበርና። «ያሸንፋል ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ «ካሸነፈ በኋላስ ለማን ይመልሳል?» የምትለው ካልተከተለቻት ግማሽ ጥያቄ ናት የምለው ለዚህ ነው።

በ2002 ደግሞ ከ547 ወንበሮች ኢሕአዴግ 499 ወሰደ። አጋሮቹ ሲደመሩበት ከገዥው ወገን ውጭ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆኑ። አንዱ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ። ሜዳው እንዴት እንደጠበበ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግምም። ግን ዶክተር አሸብርን ተመልከቱ። ፓርቲ አልነበራቸውም። የአካባቢው ልጅ ናቸው፣ በእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት አገር ያውቃቸዋል። በዚያ ሁሉ ጥበት ውስጥ ያሳለፋቸው የሰፈራቸው ሰው እሳቸውን ማወቁ ነው። በ2007 እንዲያ ያለ ቀዳዳም ቀረ፤ 547ቱም ለገዥው ወገን ሆነ።

2013ን በአጭሩ ልለፈው። በአማራ ክልል ለተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበሮች አሉ። ገዥውን ፓርቲ ብልጽግናን ያልመረጠው ድምፅ ለአብን፣ ለኢዜማ፣ ለእናት ፓርቲና ለሌሎችም ተበታተነ። በአገር ደረጃ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ይዘው ቀሩ። ድምፃቸው ቢደመር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። የየፓርቲው መሪዎች ግን ይህን ስሌት ከምርጫው በፊት ተቀምጠው መሥራት ነበረባቸው። ኢዜማ ሲመሠረት አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ ማድረጉን መልካም ሐሳብ ብዬ ነበር፤ አሁንም መልካም ይመስለኛል። እጩውን የሚያውቀው እዚያው ያለ አባል ነውና።

እና «የሚያሸንፍ» ማለት ለእኛ ምን ማለት ነው? በይጁቤ ገበያ ላይ ብትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት ዘመዱን ነው። «የእነ እገሌ ልጅ ነው፤ ወገኑ ብዙ ነው።» ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላልና ይህ ስሌት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እስቲ ቁጥሩን አስሉት። የባሶ ሊበን መሬት ከደጋው ተነስቶ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የደጋው ሰው ወገን ቆላ ላይ አይቆጠርም፤ የቆላውም ሰው እንዲሁ። በዘመዱ ብዛት የቀረበ እጩ በራሱ ቀበሌ ያስጨፍራል፣ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ነው። ይህን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም። ቆጠራ ሲያልቅ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን የውጤት ወረቀት የሚያነብ ሰው ያገኘዋል። አንድ እጩ በአንድ ጣቢያ ስድስት መቶ፣ በሚቀጥለው አርባ ካገኘ ያ ሰው የቀበሌ እጩ እንጂ የወረዳ እጩ አይደለም። በየጣቢያው ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ እያገኘ የተሸነፈ ሰው ካለ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀርበው እሱ ነው። እነዚያን ወረቀቶች በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥ አንድ ወጣት በየቀበሌው ቢኖር፣ ፓርቲዎች በግምት ከሚወስኑት የተሻለ መረጃ ይጁቤ ላይ ይኖር ነበር።

ሁለተኛው የሚባለው ገንዘቡ ነው። «አቅም አለው፣ መኪና አለው።» ይህንንም አልንቅም፤ ያለ ነዳጅ ዘመቻ የለም። ሦስተኛውን ድምፅ ዝቅ አድርገው ነው የሚነግሯችሁ፤ «ከላይ ይሁንታ አለው» ይላሉ። እሱ ማሸነፍ አይደለም፤ መሾም ነው። ከላይ ይሁንታ ያለው ሰው ለላዩ ነው የሚመልሰው።

እድራችሁን እንዴት እንደምትመሩ አስቡ። ለዳኝነት የምትመርጡት ከሁሉ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን አይደለም፤ ከሁሉ ባለጠጋውንም አይደለም። ሁለቱ የተጣሉ ጎረቤቶች «እሱ ይዳኘን» የሚሉትን ሰው ነው የምትሾሙት። በደንብ የማይወዱት ሰዎች እንኳን የሚቀበሉት ሰው ማለት ነው። ለምርጫ የሚያሸንፍ እጩ ሌላ መለኪያ የለውም። ደጋፊው ያበደለት ሳይሆን ተቃዋሚው የማይሸሸው። ይህን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያለ ኮሚቴ አያውቀውም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

በሌላ የአፍሪካ አገር አንድ ፓርቲ እጩ መምረጡን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለመስጠት ሞክሯል። ጋና ውስጥ ኤንዲሲ የተባለው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የምክር ቤት እጩዎቹን የሚመርጡት ጥቂት ልዑካን መሆናቸው ቀርቶ አባላቱ ሁሉ እንዲመርጡ አደረገ። ልዑካን ሲሆኑ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በገንዘብ መግዛት ይቀላል የሚለው ወቀሳ የቆየ ነበር። አባላቱ ሁሉ መምረጣቸው በዋናው ምርጫ ድል ዋስትና አልሆነም፤ በ2016 ኤንዲሲ ተሸንፎ ሥልጣን በሰላም አስረከበ። ግን ማን እጩ ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ሰው ቁጥር በዛ። የእኛ የምርጫ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1162/2011 የሆነው፣ ፓርቲ እንዲህ እንዳያደርግ የሚከለክለው ነገር የለም። የሚጎድለው ፈቃደኝነቱ ነው።

ባለፉት ዓመታት በዚህ ዞን የደረሰውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሰላም በሌለበት ስለ እጩ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ካለ አልፈርድበትም። ግን ምርጫ ሲመጣ ድንገት ነው የሚመጣው፤ እጩውም ድንገት ነው የሚመጣው፤ ማሰቢያው ጊዜ አሁን ነው። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን የክፍል አለቃ ስታስመርጡ እንደ ቨርጂኒያዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ እንዲሞሉ አድርጉና ቆጥሩላቸው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። አባቶች፣ እናቶች፣ ማንኛውም ፓርቲ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ እጩውን ይዞ ይጁቤ ሲመጣ ስለ መንገዱና ስለ ማዳበሪያው ከመጠየቃችሁ በፊት «ይህን ሰው ያጨው ስንት ሰው ነው? የት ተሰብስቦ? ከእሱ ጋር ማን ማን ቀርቦ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሁለተኛውን ጥያቄ አትጠይቁት።